ጎተራው ከማን ዘንድ ይሁን? የሰሜን ሸዋ ረሃብና የእህል ክምችት ጥያቄ

ሰሜን ሸዋ ዞን በጠቅላላው የተራበ አገር አይደለም። በኅዳር እነዋሪ ላይ ቆሞ የሞረትና ጅሩን ጥቁር መሬትና የስንዴ ክምር ላየ ሰው ስለ ረሃብ ማውራት ይከብዳል። የጅሩ ሰንጋ በበዓል ዋዜማ አዲስ አበባ ገብቶ በውድ ዋጋ ይሸጣል። የምንጃር ጤፍ ደግሞ በየእህል በረንዳው ከነአገሩ ስም ይጠራል። ከዚሁ ዞን ሳይወጡ ወደ መንዝ ሲሻገሩ ግን ገብስና ባቄላ ብቻ የሚችለው፣ ውርጭ የሚያቃጥለው፣ መሬቱ ታርሶ ታርሶ አጥንቱ የወጣ ደጋ ይገጥማል። እዚያ ብዙ ቤተሰብ ዓመቱን የሚሞላው በሴፍቲኔት ድጋፍ ነው። ጎተራው የሞላና ጎተራው የተጠረገ ገበሬ ለአንድ ዞን አስተዳደር ግብር ይከፍላሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድም በመኪና የአንድ ቀን መንገድ አይሞላም።

ስለዚህ “የምግብ ባንክ” የሚለውን ሐሳብ በዚህ አካባቢ ላይ ስናነሳ አስቀድመን ማየት ያለብን የእህሉን ብዛት ሳይሆን እህሉ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያወጣውና መቼ እንደሚወጣ ነው። በዚህ ጥያቄ ላይ ሸዋ አንድ ሁለት ነገር ሳይሆን ብዙ ነገር ሞክሯል፤ ሙከራዎቹን ጎን ለጎን አቁሞ ያየ ግን ጥቂት ነው።

የምግብ ባንክ በዛሬ መልኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1967 አሪዞና ውስጥ ፊኒክስ ከተማ ላይ ነው። ጆን ቫን ሄንግል የሚባሉ ሰው ሱፐርማርኬት የሚጥለውን ነገር ግን የሚበላ ምግብ እየሰበሰቡ በአንድ መጋዘን አስቀምጠው ለድሆች ማከፋፈል ጀመሩ። ሐሳቡ ዓለምን የዞረው ትርፍ ምግብ በሚጣልበት ከተማ ሁሉ ስለሚሠራ ነው። አዲስ አበባም በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ ስሙን ተውሳ በየወረዳው የምግብ ባንክ አቋቁማ ዱቄት፣ ዘይትና ፓስታ ከነዋሪው ሰብስባለች። ኋላም “ማዕድ ማጋራት” እና የ“ተስፋ ብርሃን” የምገባ ማዕከላት ተከተሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ሱፐርማርኬት የሚጥለው ምግብ የለም። ትርፍ ሊባል የሚችለው የቢራ ፋብሪካዎቹ የብቅል ተረፈ ምርት ነው፤ እሱንም የወተት ላም ያላቸው ሰዎች ተሻምተው ይወስዱታል፤ ደግ አድርገዋል። እዚህ የሚባክነው እህል ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን ከማሳና ከአውድማ፣ ከዚያም ከጎተራ ነው፤ ባለቤቱም ነጋዴ ሳይሆን ገበሬ ነው።

ከገበሬው ጎተራ እንጀምር። የአንኮበር፣ የጣርማበርና የመንዝ ደጋ በሁለት ዝናብ ይኖራል። የበልጉ ገብስ የካቲት ላይ ተዘርቶ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይደርሳል። የመኸሩ ደግሞ ክረምቱን ውሃ ከተኛበት መሬትና ከጥቅምትና ከኅዳር ውርጭ ካመለጠ ለጎተራ ይበቃል። በሌላው አገር በልግ ማሟያ ነው፤ በዚህ ከፍታ ግን ብዙ ቤት የሚተማመነው በእሱ ነው። በልግ ሲቀር የሚጎድለው የአንድ ወቅት ምርት ብቻ አይደለም። ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም፣ ጎተራ የሚጠረግባቸው ወሮች፣ ያለ ምንም መሻገሪያ ይቀራሉ። በ1991 ዓ.ም ሰሜን ሸዋንና ወሎን የመታው ይኸው የበልግ መቅረት ነበር፤ በ2000 ዓ.ምም ተደገመ።

ገበሬው ታዲያ ለምን ከደህናው ዓመት አያስቀምጥም? ያስቀምጣል። ጎታና ጎተራ የሌለበት ቤት የለም፤ ለዘር የተለየው ገብስም ሌላው አልቆ እንኳ ለመጨረሻ ጊዜ ይቆያል። ችግሩ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የልጅ ትምህርት፣ የክርስትናና የተዝካር ወጪ፣ ግብርም ተደማምሮ የሚጠየቀው በታኅሣሥና በጥር፣ የሁሉም ሰው እህል አንድ ላይ ገበያ በሚወጣበት ጊዜ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ በርካሽ የሸጠውን ገብስ ሐምሌ ላይ በውድ ይሸምታል፤ ገንዘብ ካጣ በአራጣ ይበደራል፤ ካልሆነም በግ ይሸጣል። የመንዝ በግ የሚረባው ለሱፉና ለሥጋው ብቻ አይደለም፤ የድሃው የተቀማጭ ሒሳብ ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ሳምንት በግ ሲያወጣ ግን የበግ ዋጋ ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ደግሞ ይወጣል።

የጥንቱ ሰው ለዚህ አንድ መላ ነበረው፤ ቁልቁል መውረድ። አንኮበር አፋፍ ላይ የተቀመጠችው ለምሽግነት ብቻ አይደለም። ከሥሯ አልዩ አምባ የሚባለው ገበያ አለ፤ አሞሌ ጨው ከአፋር ይገባበት የነበረ፣ የደጋው ገብስና የቆላው ማሽላ የሚገናኙበት። የደጋው በልግ ሲከሽፍ የቆላው መኸር ላይከሽፍ ይችላል። በዚህ ላይ የተመሠረተው መለዋወጥ ማንም ሳያቅደው የቆየ የምግብ ዋስትና ነበር፤ ዛሬም ቀወትና ሸዋ ሮቢት ማሾና ማሽላ ያመርታሉ። ይህ መላ የሚሠራው ግን መንገድ ሲከፈት ብቻ ነው። በ2013 ዓ.ም አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም ኅዳር ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ሲደርስ፣ ከ2015 ዓ.ም ሐምሌ ወዲህም በክልሉ መንገድ እየተዘጋ እየተከፈተ ሲቆይ፣ ደጋውና ቆላው ጎን ለጎን ተቀምጠው የማይገበያዩበት ጊዜ መጣ። የዚህን ኪሳራ መጠን በእርዳታ ሰነዶች ላይ ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ሰነዶቹ ዝናብን እንጂ መንገድን መለካት አይሆንላቸውም።

ሁለተኛው ጎተራ የቤተ መንግሥቱ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም አንኮበር ላይ ሲገዙ የንጉሡ የእህል ማከማቻ ለሠራዊትና ለግብር ይሆን ነበር፤ በዘመናቸው ድርቅና ወረርሽኝ ሸዋን ሲመቱ ንጉሡ ጎተራቸውን ለሕዝቡ ከፈቱ ተብሎ ይነገራል። ይህን ታሪክ ዛሬ የምንተርከው ለንጉሡ ቸርነት ማስረጃ አድርገን ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር አይበታለሁ፤ ጎተራው ቅርብ ነበር። የንጉሡ እህል የአንኮበር ሰው በእግሩ ሄዶ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ላይ ነበር። ነገር ግን በንጉሡ ፈቃድ ብቻ የሚከፈት ጎተራ በሌላ ንጉሥ ዘመን ተዘግቶ ሊቀር ይችላል።

ክፉ ቀን የተባለው ታላቅ ረሃብ ደግሞ ከዚህ የተለየ ትምህርት ይዟል። በ1880 ዓ.ም ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው የደስታ በሽታ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ የአገሪቱን አብዛኛውን ከብት ፈጀ። ድርቁ፣ አንበጣው፣ ተምቹና አይጡ ተከትሎ መጣ፤ እስከ 1884 ዓ.ም ድረስ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ዝናብ በጣለ ጊዜ እንኳ መሬቱን የሚያርስ በሬ አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት መቆፈራቸው የሚነገረው ለዚህ ነው፤ መኳንንቱ ዶማ መያዝን እንዳይንቁ ነበር። እህል የሞላበት ጎተራ እንኳ ቢኖር በሬና ዘር ያጣ ቤት ለሚቀጥለው ዓመትም ጎተራው ባዶ ነው። በኋላ የመጡት የእርዳታ ድርጅቶች ይህን ለማስተዋል ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ስንዴ ሲመጣ ዘሩ ዘግይቶ ይደርሳል ወይም ጨርሶ አይደርስም።

የምሁራኑን ክርክር በአጭሩ ላንሳ። አማርቲያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ የ1965 ዓ.ም የወሎን ረሃብ መርምረው ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም አሉ። ሰው ያለቀው መግዣ በማጣቱ ነው፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ደግሞ የገጠሩ ሕዝብ ለረሃብ የተጋለጠው የሚያመርተው ሁሉ በየአቅጣጫው እየተወሰደበት ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው እንዳይኖረው ስለተደረገ ነው ብለው ሥርዓቱን ከሰሱ። ደሳለኝ ራህማቶ የወሎን ገበሬዎች ሲያጠኑ የገበሬው የራሱ ዝግጅትና ብልሃት እርዳታው ከመድረሱ በፊት ምን ያህል እንደሚያስኬድ አሳዩ። ሦስቱንም አንድ ላይ ላነበበ ሰው የሰሜን ሸዋ መልስ ከመሃላቸው ይወጣል፦ የገበሬውን ብልሃት የሚያግዝ፣ መግዣ ሲያጣ የሚደርስለት፣ ከእጁም የማይወስድበት ክምችት። አንዳቸውም ግን ይህን ክምችት ማን እንደሚጠብቀው አልነገሩንም።

መንግሥት ሞክሯል። በ1966 ዓ.ም የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1974 ዓ.ም ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ የምግብ ክምችት ተመሠረተ። የዚህ ክምችት አሠራር ከማውቃቸው ሁሉ ብልህ የሚባል ነው። ክምችቱ የተቋቋመው እህል በነጻ ለማደል ሳይሆን ለማበደር ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት መርከቡ ጅቡቲ እስኪደርስ ድረስ ከአዳማ ወይም ከኮምቦልቻ መጋዘን ስንዴ ይበደራል፤ ስንዴው ሲመጣለት ይመልሳል። በዚህ መንገድ ሕዝቡ ወራት ሙሉ መርከብ ሳይጠብቅ ይበላል። ጉድለቱ ተበዳሪው ሳይመልስ ሲቀር ወይም ሲያዘገይ ነው። በ2000 ዓ.ም የዓለም እህል ዋጋ ሲንርና በልጉ ሲቀር ክምችቱ በጣም ተሟጦ ራሽን እስከ መቀነስ ተደረሰ። ሰሜን ሸዋ ከሁለቱ መጋዘኖች መሃል ላይ ነው፤ ከአዳማ ይጫናል ወይም ከኮምቦልቻ ይወርዳል። የኮምቦልቻው መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል።

ቀጥሎ ሴፍቲኔት መጣ፤ በ1997 ዓ.ም። በየዓመቱ በልመና ከሚመጣ እርዳታ ይልቅ ሊታወቅ የሚችል ድጋፍ ለስድስት ወር ይሰጣል፤ መሥራት የሚችለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይቆፍራል፣ አቅመ ደካማው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። መንዝ ላይ የተሠራው እርከን ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ቁልቁለት ዛሬ ሣር ለብሷል። ሴፍቲኔትን መውቀስ ቀላል ነው፤ እሱ ባይኖር ኖሮ ስንት በግና ስንት በሬ ይሸጥ እንደነበር ግን ወቃሾቹ አይቆጥሩም። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ሴፍቲኔት የሚያውቀው ዓመት ከዓመት የሚቸገረውን ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ደህና የነበረና ዘንድሮ ውርጭ ያቃጠለበት ገበሬ ዝርዝሩ ላይ የለም። የዝርዝሩ ነገር ራሱን የቻለ አበሳ ነው፤ ማን ይግባ ማን ይውጣ የሚለው በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሲወሰን ዘመድ፣ ጎረቤትና ሹም አብረው ይቀመጣሉና።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን ከተማ እንግባ። እዚህ ለብቻው የቆመ ረሃብ አለ። ከተማዋ ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ከወለጋ የተፈናቀሉ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተሸክማለች፤ ቻይና ካምፕ፣ ባቄሎ፣ ወይንሸት የሚባሉ መጠለያዎች አሉ። ከእነዚህ ሰዎች የብዙዎቹ አባቶች በ1977 ዓ.ም ረሃብ ከወሎ ተነስተው ወለጋ ላይ በመንግሥት እጅ የሰፈሩ ናቸው፤ በዚያ ሰፈራ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጓጉዟል። አባት ከረሃብ የተነሣ ወደ ወለጋ ሄደ፤ ልጁ ከግድያ የተነሣ በቆሎና ቡና የሌሉበት፣ ብርዱ የሚጋረፍ ከተማ ላይ ደረሰ።

የመጠለያው ራሽን በወር ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት ነው፤ መጠኑ የአገር አቀፍ የሰብዓዊ እርዳታ ልክ ነው። አምስት ሰው ላለው ቤተሰብ 75 ኪሎ ስንዴ ማለት ነው፤ ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ። በወረቀት ላይ ይበቃል። ነገር ግን ስንዴው ወፍጮ ቤት መሄድ አለበት፤ ማስፈጫ ይከፈላል። የተፈጨው መጋገር አለበት፤ ማገዶ በደብረ ብርሃን ብርድ ከሌላው ቦታ ሁሉ የበለጠ ያልቃል። በርበሬ፣ ጨው፣ ሳሙና፣ የሕፃን ልብስ፣ መድኃኒት፤ እነዚህ ሁሉ የሚገዙት ከዚያው ስንዴ ላይ ጥቂት ተሸጦ ነው። በዚህ መንገድ 75 ኪሎው ድስት እስኪደርስ ድረስ ስንት እንደሚሆን የሚያውቁት የቤቱ እናቶች ናቸው። በዚያ ላይ ራሽኑ በየወሩ የሚመጣ አይደለም። በከተማው ሰው በኩል ደግሞ በደብረ ብርሃን ቤቱን የከፈተ፣ ልብስ ያወጣ፣ በየደብሩ እንጀራ ያዋጣ ብዙ ነው፤ ከአሜሪካና ከአውሮፓም ወገን ገንዘብ ልኳል። ያ ሁሉ ርኅራኄ ግን ቀኑ ሲረዝም ይደክማል፤ ይህን ለመናገር ማንንም መውቀስ አያስፈልግም።

በ2015 ዓ.ም ሰኔ መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት የልማት ተራድኦ ድርጅት፣ ዩኤስኤይድ፣ የእርዳታ እህል ለሌላ ጥቅም ውሏል ብሎ በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታን አቆመ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም ተከተለ። እርዳታው ቀስ በቀስ የተመለሰው በ2016 ዓ.ም ነው። ስርቆቱ እውነት ከሆነ መቆሙ ተገቢ ይመስላል፤ የሚያስቆጣው በስርቆቱ እጁ የሌለበት ተፈናቃይ ለወራት ያለ እህል መቅረቱ ነው። በ2017 ዓ.ም ደግሞ ዩኤስኤይድ ራሱ ፈረሰ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት የተነሣ በኢትዮጵያ 650,000 በምግብ እጥረት የተጎዱ እናቶችንና ሕፃናትን ማከም እንደሚያቆም አስታወቀ። ከዚህ በኋላ ክምችታችንን ሙሉ በሙሉ በውጭ መርከብ ላይ መገንባት አይቻልም፤ ይህ አስተያየት ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ምን ይተካዋል? ከቤታችን ውስጥ አንድ ጥሩ አርአያ አለ፤ ከምግብ ሳይሆን ከዘር ወገን። ሳይንቲስቱ ዶክተር መላኩ ወረደ የዕፅዋት ዘር ሀብታችንን ለመጠበቅ በሠሩት ሥራ በ1982 ዓ.ም የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በሸዋና በወሎ ያስጀመሩት የማኅበረሰብ የዘር ባንክ፣ እጀሬ ላይ እንዳለው ያለ፣ ገበሬው የአገሩን ዘር በብድር ወስዶ ሲያመርት ጥቂት ጨምሮ የሚመልስበት ነው። ጨምሮ የሚመለሰው ዘር ለሚቀጥለው ሰው ይሆናል። ይህ አሠራር የአስቸኳይ ጊዜው ክምችት ከሚያበድረው ጋር ሐሳቡ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ተበዳሪው ጎረቤት መሆኑ ነው። በሰንበቴና በእድር የሚተዳደረው ሕዝብ ለዚህ አዲስ አይደለም፤ ከእድሩ እቃ ወስዶ ያልመለሰ ሰው በየለቅሶው ይታወቃል።

በዚህ ላይ አንዳንድ ሰው ገንዘብ ይሻላል ይላል። ገበያው ሲሠራና መንገዱ ሲከፈት እውነት ነው፤ ሰው ለቤቱ ወተት ይሁን በርበሬ የሚያስፈልገውን ያውቃል። መንገድ ሲዘጋ ግን የተላከው ብር ደብረ ብርሃን ላይ ያለውን ያንኑ ጥቂት እህል ያስወድዳል፤ እህል በእጅ ያለው ብቻ ይበላል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ብርና እህል አብረው መኖር አለባቸው፤ መቼ የትኛው እንደሚወጣ የሚወስነው ደግሞ ገበያውን በዓይኑ የሚያየው ሰው ነው። የዱቄት፣ የዘይትና የፓስታ ማዋጣት ለከተማው ድሃ ይጠቅማል፤ የመንዝ ገበሬ ግን ዘር ያስፈልገዋል፤ ለካምፑ ደግሞ ከስንዴ ይልቅ የተፈጨ ዱቄት ቢሰጥ የወፍጮው ገንዘብ በቤቱ ይቀራል።

እንዲህ ያለ ክምችት በዚሁ ዞን ለማቆም አንዱ ነገር ቀላል ነው። ጥር ላይ ከጅሩና ከምንጃር ስንዴና ሽምብራ በመካከለኛ ዋጋ ለመግዛት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች መጋዘንና መኪና አለ፤ የዓለም ምግብ ፕሮግራምም ቀደም ባሉ ዓመታት በአገሪቱ ከዩኒየኖች በቆሎ እየገዛ ሠርቶበታል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ነቀዝ ይህን ብርድ አይወደውም፤ አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ፒክስ ከረጢት ሲጨመርበት እህሉ በደህና ይቆያል። ከባዱ ነገር ግንቦት ላይ የሚመጣው ነው። በልጉ መክሸፉን መጀመሪያ የሚያየው ገበሬው ነው፤ ከእሱ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ደግሞ የጥናት ቡድን ይላካል፤ ቁጥሩ ይከለሳል፤ ውሳኔው ሲመለስ ነሐሴ ይሆናል። መጋዘኑን ደብረ ብርሃን ላይ ሠርቶ የመክፈቻውን ፊርማ አዲስ አበባ ላይ ከተዉት፣ ስንዴው በነሐሴ ጭቃ መንዝ የሚደርሰው ገበሬው በጉን ከሸጠ በኋላ ነው።